ካንሳስ ገጠር ለስራ ልትሄዱ ላሰባችሁ፣ እኔ በእጄ የተማርኩትን

በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ይደውልልኛል። "እዛ ስራ አለ አሉ፣ እውነት ነው?" ይላል። አዎ እውነት ነው፣ ስራ አለ። እንግሊዝኛ ባትችልም አለ፣ ልምድ ባይኖርህም አለ፣ ዛሬ አመልክተህ በሳምንት ውስጥ ልትጀምር ትችላለህ። ግን ከዛ በኋላ የሚመጣውን ነገር በስልክ በአስር ደቂቃ ማስረዳት አልቻልኩም፣ የሚደውለው ሰውም "ስንት ይከፍላሉ" ከሚለው ሌላ መስማት አይፈልግም፣ ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብያለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳትምታቱ።

እኔ በዲቪ ነው የመጣሁት፣ 2018። መጀመሪያ ዴንቨር አካባቢ ዘመድ ጋ አረፍኩ፣ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ እሰራለሁ፣ የሚከፈለኝ በሙሉ ለቤት ኪራይ ይሄዳል፣ ሚስቴ አርግዛለች። ቤተክርስቲያን የማውቀው አንድ ጋሼ "ካንሳስ ስጋ ፋብሪካ ግባ፣ ሁለት ዓመት ጥርስህን ነክሰህ ስራና ትወጣለህ" አለኝ። በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት ነው። ተራራ አልቆ፣ ኮረብታ አልቆ፣ ዛፍ ራሱ አልቆ ሰማይና እርሻ ብቻ ይቀራል። ከተማው ሳይታያችሁ ሽታው ይቀበላችኋል። የከብት ማድለቢያው ሽታ ነው። ያገሬው ሰው "የገንዘብ ሽታ ነው" ብሎ ይስቃል፣ እኔ ሶስት ወር ራሴን አሞኛል።

ቦታውን ለማታውቁት፣ ደቡብ ምዕራብ ካንሳስ ማለት ጋርደን ሲቲ፣ ዶጅ ሲቲና ሊበራል የሚባሉ ሶስት ከተሞች ያሉበት ነው፣ ካውንቲዎቹ ፊኒ፣ ፎርድና ሴዋርድ ይባላሉ (ካውንቲ በኛ ወረዳ ምናምን ብትሉት ነው)። ዙሪያው ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ከዛ ከብት ማድለቢያ፣ ከዛ ስጋ ፋብሪካ። ሁሉም የተያያዘ ነው። 1980 ላይ ሆልኮምብ የሚባል ቦታ በጊዜው ትልቅ የተባለ የከብት ፋብሪካ ከተከፈተ በኋላ ሰራተኛው ከየዓለሙ ነው የመጣው፣ መጀመሪያ ቬትናሞችና ሜክሲኮዎች፣ ቀጥሎ በርማዎች፣ ሶማሌዎች፣ እኛ። ለዛ ነው ትንሽ የገጠር ከተማ ሆና ትምህርት ቤቷ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠር ቋንቋ የምትሰሙት። እኔ ራሴ ከእንግሊዝኛ በፊት የተማርኩት ስፓኒሽ ነው፣ ላይኑ ላይ (ተደርድረን ስጋ የምንቆርጥበት መስመር ማለት ነው) የሚጮኸው ሁሉ በስፓኒሽ ነዋ።

የገባሁበትን ፋብሪካ ስም አልጠራም፣ ማወቁም ለናንተ አይጠቅምም፣ ስራው ሁሉም ጋ ያው ነው።

የመጀመሪያ ቀን እቃ ያስታጥቃችኋል፦ ሄልሜት፣ የጆሮ መድፈኛ፣ የብረት ጓንት፣ የክንድ መከላከያ፣ ከሆድ እስከ ጉልበት የሚደርስ የብረት ሽርጥ፣ ቦት ጫማ፣ ሁክና ቢላ። ቤቱ ፍሪጅ ነው። ጠዋት ፍሪጅ ገብታችሁ ማታ ትወጣላችሁ በቃ። ስጋው በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወይ በቀበቶ እየተንሸራተተ ይመጣል፣ እናንተ አንድ ቦታ ቆማችሁ አንድ አይነት ቆረጣ ትቆርጣላችሁ፣ እሱን ብቻ፣ ቀኑን ሙሉ። እኛ ሰፈር ለበዓል ቅርጫ ስንገባ አንድ በሬ ለመበለት አምስት ጎረምሳ ተሰብስበን ግማሽ ቀን ይፈጅብናል፣ በዛ ላይ ጭቅጭቁ፣ ሻኛው ለማን ጉበቱ ለማን። እዚህ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በቀን እስከ 6,000 ከብት ያወርዳሉ። ያንን ቁጥር ስሰማ መጀመሪያ የሳምንት መስሎኝ ነበር።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ፣ ዋናው ነገር ጉልበት አይደለም፣ ቢላ ነው። ጎኔ የሚቆም አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ ነበር፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሰራ፣ እኔ በጉልበት ስቆርጥ ያየኛል፣ ዝም ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ቢላዬን ከእጄ ነጠቀኝና አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ አሳረፈው፣ ተንሸራተተ። የሱን አሳረፈ፣ ጥፍሩን ይዞ ቀረ። ከዛ ሞረዱን አውጥቶ አሳየኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ በዚህ ሁለት ጊዜ በዚያ፣ ሳይጫን፣ ብረቱ "ሽው ሽው" ነው የሚለው እንጂ "ጭርር" አይልም። እኔ እንደ ባለሱቅ ካራ ስስል ስሉን ሳጥፈው ነበር የምውለው። በየጥቂት ስጋው አንዴ ሞረድ አድርጉ፣ ጊዜ የለኝም አትበሉ። የደነዘ ቢላ የሚቆርጠው የናንተን ጅማት ነው። እሱ ሰውዬ ባይኖር እኔ ስድስት ወርም አልቆይም ነበር።

እንዲህም ሆኖ እጄ አልተረፈም።

አንድ ዓመት አካባቢ ሲሆነኝ ጠዋት ስነሳ የቀኝ እጄ ጣቶች ቢላ እንደያዙ ታጥፈው ይጠብቁኛል። በግራ እጄ አንድ በአንድ ነው የምዘረጋቸው፣ ሲዘረጉ "ቀጭ" ይላሉ። ሙቅ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ፣ ይለቁኛል፣ እሄዳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለምን? አንደኛ ይባርሩኛል ብዬ፣ ሁለተኛ ይሉኝታ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት በእድሜ እናቴን ታክላለች እሷ ቆማ እየሰራች እኔ እጄን አመመኝ ልል ነው? ሶስተኛ የሚያልፍ ነገር መሰለኝ። ቤት ውስጥ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ፣ ሚስቴ ታጎርሰኝ ጀመር፣ መጀመሪያ ፍቅር መስሏት ነበር ምስኪን።

አራት ወር ደበቅኩት። መጨረሻ ላይ ቢላው ከእጄ አምልጦ መሬት ሲወድቅ ሱፐርቫይዘሩ አየና ፋብሪካው ውስጥ ወዳለው ነርስ ላከኝ። በረዶ አደረጉልኝ፣ የህመም ማስታገሻ ሰጡኝ፣ ወደ ላይኑ መለሱኝ። በሳምንቱም እንደዛው። ሐኪም ጋ ልሂድ ስል "መቼ ጀመረህ?" ተባልኩ፣ እኔ የዋህ "አራት ወር ሆነኝ" አልኩ። "ታዲያ እስከዛሬ ለምን አላስመዘገብክም? ከስራ መሆኑን በምን እናውቃለን?" እዛች ጋ ነው የተበላሁት። ወርከርስ ኮምፕ የሚባለው፣ ለስራ ጉዳት የሚከፍለው ኢንሹራንስ ጉዳዬን ሳይቀበለው ወራት ተጎተተ፣ ጠበቃ ይዤ ነው በስንት መከራ የታከምኩት።

እና እባካችሁ ይሄን ስሙ። የመጀመሪያ ቀን ሲያማችሁ የዛኑ ቀን አስመዝግቡ። በአፍ ብቻ አይበቃም፣ በጽሁፍ ይሁን፣ ኮፒውን ወይ በስልካችሁ ፎቶውን ያዙ፣ የነገራችሁትን ሰው ስምና ሰዓት ማስታወሻ ላይ ጻፉ። በካንሳስ ህግ ጉዳትን ለማሳወቅ ያለው ገደብ በቀን የሚቆጠር ነው፣ በወር አይደለም። ቀስ በቀስ የሚመጣ ጉዳት፣ ማለቴ እንደኔ ጅማት ወይ ትከሻ፣ እሱም የስራ ጉዳት ነው፣ የግድ እጅህ መቆረጥ የለበትም። ሌላው የሚያናድደው ነገር፣ እዛ ስቴት ለስራ ጉዳት የሚያክምህን ሐኪም የመምረጥ መብት የቀጣሪው ነው፣ እኔ ሳላውቅ በራሴ ሄጄ የታከምኩትን ብዙውን ከኪሴ ከፈልኩ። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ደግሞ ጀግና አትሁኑ። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" የምትለዋ የኛ ልማድ እዛ ወረቀት ላይ "ህመም የለውም" ተብላ ነው የምትጻፈው። የደረሰብኝን ነው የምላችሁ።

አስተርጓሚም ጠይቁ። የስራ ባልደረባ አያስተርጉምላችሁ፣ እኔን ያስተረጎመልኝ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው ግን "ይደነዝዘኛል" ያልኩትን "ይደክመኛል" ብሎ ነው የነገራቸው።

ስለ ሰዓትና ክፍያ። እኔ ስጀምር በሰዓት 16 ዶላር አካባቢ ነበር፣ የካንሳስ ዝቅተኛው ደሞዝ ደግሞ 7.25 ነው፣ የፌደራሉ ራሱ ማለት ነው፣ ከ2009 ጀምሮ ያልተነካ። ስለዚህ ገንዘቡ ለገጠር ክፉ አይደለም። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ስትሰሩ ለትርፉ ሰዓት የሰዓቱ ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላችኋል። ፔይ ስታባችሁን (የደሞዝ ዝርዝር ወረቀቱን) በየሳምንቱ አንብቡ፣ እኔ ስድስት ወር ሙሉ ጠቅላላውን ብቻ ነበር የማየው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ መከላከያ እቃውን ከለበሳችሁ በኋላ ወደ ላይኑ የምትሄዱበት ሰዓት ስራ ነው፣ 2005 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስጋ ፋብሪካ ሰራተኞች ባመጡት ክስ ላይ ወስኖበታል። ደቂቃ ናት ብላችሁ አትናቁ፣ በዓመት ስትደመር ሌላ ነገር ነች።

ሽንት ቤትም እንዲሁ። አፍሬ አልናገርም ብል ውሸት ነው፣ ውሃ ሳልጠጣ የምውልባቸው ቀናት ነበሩ፣ ምክንያቱም ቦታህን የሚይዝልህ ሰው እስኪመጣ ላይኑ አይቆምም። ኩላሊት ነው የሚበላው። ሰራተኛ ሲፈልግ ሽንት ቤት እንዲሄድ መፍቀድ የኦሻ ህግ ነው። ኦሻ ማለት የስራ ደህንነት የሚቆጣጠረው የፌደራል መስሪያ ቤት ነው፣ ስልኩ 1-800-321-6742፣ አስተርጓሚ ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጠቁመህ ቢያባርሩህ ወይ ቢያጠቁህ ለነሱው የምታመለክትበት ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው፣ እንዳያልፋችሁ።

ዩኒየን (የሰራተኛ ማህበር) ካለ ግቡ። ካንሳስ ውስጥ ማንም ዩኒየን እንዲገባ አይገደድም፣ 1958 ላይ ህገ መንግስታቸው ውስጥ ያስገቡት ነገር ነው፣ እና እኛ አበሾች መዋጮውን አይተን "ለምን እከፍላለሁ" እንላለን። እኔም ብያለሁ። እጄ ሲታመም ግን መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ዩኒየኑ ተወካይ ነበር፣ ሴትየዋ ሳትገላምጠኝ ረዳችኝ፣ እኔ ግን መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኮቪዱን ብዙ አላወራም፣ አንብባችሁታል። 2020 ኤፕሪል ላይ ሰው እየታመመ ላይኑ ሲሳሳ ፕሬዝዳንቱ ፋብሪካዎቹ ክፍት ይሁኑ ብሎ ትዕዛዝ ፈረመ፣ እኛ ደግሞ በመካከላችን ፕላስቲክ ተሰቅሎ ሰራን። ቬትናሙ ሰውዬ ያኔ ጡረታ ወጣ። ሞረዱን ለኔ ሰጥቶኝ ሄደ።

እጄ ከታከመ በኋላ ወደ ቢላ አልመለስም አልኩና ማድለቢያ ገባሁ፣ እነሱ ፊድያርድ ይሉታል። የመኖ መኪና ነዳሁ። ሰማይ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ብቻህን ነህ፣ ገነት መሰለኝ። በቆሎውና ማሽላው ሲራገፍ ደግሞ አያቴ ትዝ ትለኛለች፣ ካንሳስ በማሽላ ምርት ከአሜሪካ አንደኛ መሆኑን ስሰማ ሳቅኩ፣ የኛ አካባቢ እህል ነው እኮ፣ እዚህ ለከብት ነው የሚሰጡት። ከብት ደግሞ እሁድ የለውም፣ ገና የለው ፋሲካ የለው፣ ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ መኖ ይፈልጋል። በሳምንት 55፣ 58 ሰዓት እገባ ነበር።

የመጀመሪያው ቼክ ሲመጣ ኦቨርታይም የለም። በሰዓቱ ተባዝቶ ቀጥ ያለ ክፍያ ነው። ተበላሁ ብዬ ደሜ ፈላ፣ አለቃዬን ጠየቅኩት፣ "ይሄ እርሻ ነው" አለኝ። አላመንኩትም፣ የደሞዝና ሰዓት ጉዳይ የሚያየው የፌደራል ቢሮ ጋ ደወልኩ (1-866-487-9243 ነው ለሚፈልግ)፣ ልጅቷ በትህትና አስረዳችኝ፦ የፌደራሉ ህግ እርሻ ስራን ከኦቨርታይም ያወጣዋል፣ ከብት ማድለብ ደግሞ እርሻ ነው። ስጋ ፋብሪካው እርሻ አይደለም፣ እዛ ኦቨርታይም አለ። አያችሁ? ያው በሬ አጥሩ ውስጥ እያለ ብትሰራበት አንድ ተኩል የለህም፣ በሩን አልፎ ፋብሪካ ሲገባ አለህ። ይሄን አንድም ሰው አልነገረኝም፣ በሰዓት የተጨመረልኝን አንድ ዶላር አይቼ ነው የዘለልኩት፣ ሲሰላ ደሞዜ ወርዷል።

በዛ ላይ ወርከርስ ኮምፕ። የካንሳስ ህግ እርሻ ቀጣሪ የግድ ይግባ አይልም። ብዙዎቹ በፈቃዳቸው ይገባሉ፣ የኔውም ገብቶ ነበር፣ ግን የማይገባም አለ፣ ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ ሳታፍሩ ጠይቁ፣ "ብጎዳ ማን ይከፍላል?" በሉ። የሚቆጣ አለቃ ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። ከአስር ሰው ያልበለጠ ሰራተኛ ያለው እርሻ ላይ ደግሞ ኦሻ እጁ አጭር ነው፣ ኮንግረሱ በጀት ሲሰጠው ትንንሽ እርሻዎችን እንዳይነካ ይከለክለዋል። እዛ ራሳችሁን የምትጠብቁት ራሳችሁ ናችሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልበል፦ የእህል ጎተራው፣ ቢን የሚሉት፣ ከታች እህል እየወጣ እያለ ውስጥ እንዳትገቡ፣ እህሉ እንደ ረግረግ ነው፣ ጉልበት ላይ ከደረሰ በራስህ አትወጣም፣ በሰከንዶች ነው የሚውጠው። የፍግ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ብታዩም ዘላችሁ አትግቡ፣ ጋዝ ነው የጣለው፣ ሊያወጣ የገባውንም ይጥለዋል። 911 ደውሉ። እኛ ሰው ወድቆ ዝም ብለን ማየት አንችልም አውቃለሁ፣ ግን ሁለት ሬሳ ነው የሚሆነው።

አሁን ስለ ትልቁ ፍርሃቴ። የገጠር ካውንቲ ስራ በአንድ በሬ የሚታረስ ማሳ ነው፣ በሬው ከተኛ አለቀ። 2019 ኦገስት ላይ ሆልኮምብ ያለው የታይሰን ፋብሪካ ሲቃጠል ከተማው በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ያኔ ደሞዝ አልተቋረጠም፣ በዓመቱ መጨረሻ ዲሴምበር ላይ ተመልሶ ተከፈተ። ግን ሁሌ እንደዛ አይደለም። 2025 ኖቬምበር ላይ ያው ኩባንያ ነብራስካ ውስጥ ሌክሲንግተን የሚባል ትንሽ ከተማ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፣ 3,200 ገደማ ሰራተኛ፣ ከተማዋ ራሷ ስንት ሰው አላትና። ምክንያቱ ከብት ጠፋ ነው፣ በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የከብት ቁጥር 87 ሚሊዮን እንኳን አልሞላም፣ ከ1951 ወዲህ ዝቅተኛው። ከብት ሲያንስ ላይኑ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የሳምንቱ ሰዓት ማነስ ነው፣ ከ40 ወደ 36፣ ወደ 32። ስለዚህ ስትቀጠሩ "በሳምንት የተረጋገጠ ሰዓት አለ ወይ" ብላችሁ ጠይቁ፣ አንዳንድ ውል ላይ አለ። ትልቅ ፋብሪካ ሲዘጋ ደግሞ 60 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት በህግ። እና ቤት ለመግዛት አትቸኩሉ። እኔ ጓደኞቼ ሲገዙ ቀንቼ ነበር፣ አሁን ከነሱ አንዱ ሰዓቱ ሲያንስበት እያየሁ ነው።

ትንንሽ ነገሮችን ላራግፍ። መኪና ከሌላችሁ አትምጡ፣ አውቶቡስ ምናምን የሚባል ነገር በሺፍት ሰዓታችሁ አታገኙም፣ በሰው መኪና የሚሄድ ሰው ያ ሰው ሲታመም አብሮ ይቀራል፣ መቅረት ደግሞ በፖይንት ነው፣ ፖይንቱ ሲሞላ ትወጣላችሁ። እኔ በበረዶ መንገድ ተዘግቶ ፖይንት ተጽፎብኛል። ገናና ፋሲካ ፈቃድ ሲያስፈልጋችሁ ከወር በፊት በጽሁፍ ጠይቁ፣ "ሃይማኖቴ ነው" ብላችሁ። 2023 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀጣሪ እምቢ ለማለት ከበድ ያለ ምክንያት እንደሚያስፈልገው ወስኗል። እኔ መጀመሪያ ዓመት ሳልጠይቅ ቀርቼ ፖይንት በላሁ፣ በሁለተኛው ጠይቄ አገኘሁ።

ትምህርት፣ ጋርደን ሲቲም ዶጅ ሲቲም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አለ፣ እንግሊዝኛውን እዛ ጀምሩት፣ ደክሟችሁም ቢሆን። መንጃ ፈቃድ ለከባድ መኪና ለምታስቡ፣ እና ሁላችሁም እንደምታስቡ አውቃለሁ፣ ከ2022 ፌብሩዋሪ ጀምሮ ፈተና ከመቀመጣችሁ በፊት የተመዘገበ አሰልጣኝ ጋ መማር ግዴታ ነው፣ ዩቲዩብ አይቼ እገባለሁ የሚባለው ቀርቷል። እኔ ማድለቢያው ውስጥ መኪና መንዳቴ ጠቅሞኝ አልፌአለሁ፣ አሁን እህል ነው የምጭነው።

"ቤተሰብ ይዤ ልምጣ?" ለሚለኝ፣ መጀመሪያ ብቻህን ና፣ ስልሳ ቀን ስራ፣ እጅህን እያየህ። ጠዋት ስትነሳ ጡጫህን ሙሉ ጨብጠህ ሙሉ መዘርጋት ከቻልክ ጥራቸው። ካልቻልክ የዛኑ ቀን አስመዝግብና ቢላ የሌለበት ቦታ እንዲቀይሩህ ጠይቅ፣ ቦታው አለ፣ ሳጥን ማሸግ አለ፣ ፎርክሊፍት አለ፣ ላይኑ ላይ ለቆመ ሰው ማንም ስለማይነግረው ነው እንጂ።